እጅ መሪ ላይ፣ ካሜራ ሄልሜት ላይ፤ ፈቃድስ የት ነው?

ከቦንጋ ተነስቶ በሞተር ወደ ደካም ሆነ ወደ ሌላ የካፋ መንደር የሚሄድ ሰው ሥራ የፈታ አካል የለውም። ቀኝ እጁ ጋዝ ይሰጣል፤ የፊት ፍሬኑንም የሚይዘው እሱ ነው። ግራ እጁ ፍሪሲዮን ላይ ነው። ቀኝ እግሩ የኋላ ፍሬኑን፣ ግራ እግሩ ማርሹን ይጠብቃሉ። ዓይኑ ደግሞ ጭቃውን፣ ጠጠሩን፣ ድንገት የምትሻገረውን ላምና ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች ያያል።

ይህ ሰው ጉዞውን መቅረጽ ከፈለገ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይመጣበታል። ሄልሜቱ ላይ የገጠማትን ትንሽ ካሜራ ማብራት፣ ማጥፋት፣ እየቀረጸች መሆኗንም ማረጋገጥ አለበት። ካሜራዋ ራሱ ላይ ስለሆነች ሊያያት አይችልም። ስለዚህ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ግንባሩን ወይም አገጩን ይዳብሳል። ድምፅ ስትሰጥ "በራች" ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ማታ አልጋ የያዘበት ሆቴል ገብቶ ሲያያት ግን ለካስ በዚያች ሰዓት አጥፍቷት ኖሯል።

እንደ ሰዓት እጅ ላይ የምትታሰረው ሪሞት የተሠራችው ይህን ጣጣ ለማቅለል ነው። አንድ ቁልፍ ሲነኳት ካሜራዋ ትነቃለች፣ መቅረጽ ትጀምራለች፤ ደግሞ ሲነኳት ታቆማለች። ኢንተርኔት አትፈልግም፤ ከካሜራዋ ጋር በቀጥታ በሬዲዮ ሞገድ ትገናኛለች። ኔትወርክ በሚጠፋበት ጫካ ውስጥም ትሠራለች ማለት ነው።

መሣሪያዋ ጥሩ ናት። ሆኖም ሁለት ነገሮች በደንብ ሳይነገሩባት ወደ መንገድ እየወጣች ነው። አንደኛው፣ በተሳሳተው እጅ ከታሰረች አደጋ ትጠራለች። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ መንገድ ዳር ያለው ሰው ካሜራ ሲነሳበት አይቶ "ተው፣ አታንሳኝ" የሚልባትን አንዲት ቅጽበት ትወስድበታለች።

ካሜራዋ ከእጅ ወጥታ ወደ እጅ ስትመለስ

የዚህ ዓይነት ካሜራ ታሪክ ከእጅ አንጓ ይጀምራል። ጎፕሮን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረተው አሜሪካዊው ኒክ ዉድማን የባሕር ሞገድ ቀዛፊ ነበር። ሞገድ ላይ ቆሞ ራሱንና ጓደኞቹን ፎቶ የሚያነሳበት ነገር ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ካሜራ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የምትሠራና በማሰሪያ እጅ አንጓ ላይ የምትውል ነበረች። ካሜራዋም ቁልፏም እዚያው እጅ ላይ ነበሩ።

ኋላ ፊልሙ ቀርቶ ቪዲዮ ሲመጣ ካሜራዋ ወደ ሄልሜት፣ ወደ ደረትና ወደ ሞተር መሪ ተዛወረች። ምስሉ አማረ፤ ቁልፉ ግን ከእጅ ራቀ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጎፕሮ በዋይፋይ የሚሠራ ሪሞት አወጣ። በ2016 ደግሞ በድምፅ የሚታዘዝ ካሜራ መጣ። ዲጄአይና ኢንስታ 360 የተባሉት ኩባንያዎችም የየራሳቸውን ሪሞት ሠርተዋል።

የድምፅ ትእዛዙ ለኢትዮጵያ ሞተረኛ ብዙም አልረዳም። ካሜራዎቹ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጃፓንኛና መሰል ቋንቋዎችን እንጂ አማርኛን ወይም ካፊ ኖኖን አይሰሙም። እንግሊዝኛውን አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እንኳ ንፋስ ሲበረታ በሄልሜት ውስጥ ሆኖ ይጮኻል እንጂ ካሜራዋ አትሰማውም። ስልክ ላይ ባለ አፕሊኬሽን ማዘዝም ይቻላል። ነገር ግን እርጥብ ጓንት ያደረገ ጣት የስልክ ስክሪን አይታዘዘውም፤ በካፋ ደግሞ ዝናብ የክረምት ወራት እንግዳ ብቻ አይደለም። ቁልፏ በጓንትም የምትነካው ሪሞት የተሻለች ሆና የተገኘችው በዚህ ምክንያት ነው።

"ከጠዋት እስከ ማታ ዝም ብሎ መቅረጽ አይሻልም ወይ?" የሚል ይኖራል። ሒሳቡ አይፈቅድም። በሰከንድ 60 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 27 ጊጋባይት ይሞላል። ባትሪዋም ቀኑን ሙሉ አትቆይም። ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ያለማቋረጥ ልቅረጽ ያለ ሰው ጅማ ሳይደርስ ሚሞሪው ወይም ባትሪው ያልቅበታል። ስለዚህ ሞተረኛው እየመረጠ ማብራትና ማጥፋት አለበት፤ ይህን በጉዞ ላይ እያለ ለማድረግ የሚመቸው ደግሞ ሪሞት ነው።

በየትኛው እጅ?

ብዙ ሰው ሪሞቷን እንደ ሰዓት በግራ እጁ ያስራታል። ልማድ ነው። ግን ይታሰብበት። ግራ አንጓ ላይ ያለችን ቁልፍ የሚነካው ቀኝ እጅ ነው። ቀኝ እጅ ደግሞ ጋዙንና የፊት ፍሬኑን የያዘው ነው። ቁልፏን ሊነካ ሲለቃቸው ሞተሩ በአንዴ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከፊቱ ልጅ ቢገባ ደግሞ ዋናው ፍሬን ላይ ጣት የለም።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። እጅን አንስቶ፣ ቁልፏን ፈልጎ፣ የሪሞቷን ትንሽ መስኮት አይቶ ወደ መሪ መመለስ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ 22 ሜትር በአንድ እጅ ተነዳ ማለት ነው። በአስፋልት ላይ ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። ዝናብ በመታው ቀይ አፈር ላይ፣ ቁልቁለት ላይ፣ የጭነት መኪና ጎማ በቆፈረው ቦይ ውስጥ ግን ብዙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ስልክ እየነካካ የሚነዳ ሰው ከማይነካካው ይልቅ ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ 4 እጥፍ ገደማ እንደሆነ ይናገራል። ሪሞት ስልክ አይደለችም፤ መልእክት አታስነብብም። የአደጋው ምንጭ ግን አንድ ነው፦ ዓይን ከመንገድ፣ እጅ ከመሪ፣ ሐሳብ ከጉዞው መነሳቱ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። ሪሞቷን ከእጅ አውልቆ በግራ በኩል መሪው ላይ፣ ከክላክሱ አጠገብ ማሰር። ያኔ የግራ እጅ አውራ ጣት ክላክስ እንደሚነካ ሁሉ ቁልፏን ይነካል፤ የቀሩት ጣቶች መሪውን አይለቁም። እጅ ላይ ትዋል ከተባለም በቀኝ አንጓ ትታሰር። የምትነካት ግራ እጅ ትሆናለች፤ ጋዝና የፊት ፍሬን ባለቤት አያጡም። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ዳር ይዞ ቆሞ ማብራት ነው። ጠመዝማዛው ከመጀመሩ በፊት አብርቶ ካለቀ በኋላ ማጥፋት ምስሉን አያበላሸውም፤ ትርፉን ማታ ቆርጦ መጣል ይቻላል።

የሞተር ሁለት ስም

በአዲስ አበባ ሞተር ከቅሚያ ጋር ስሙ ተነስቷል። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከሌላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ሲያግድ የሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። ፊቱን በሄልሜት የሸፈነ ሰው ሲቀርብ ቦርሳን ጠበቅ ማድረግ የብዙ አዲስ አበቤ ልማድ ሆኗል።

በካፋ ገጠር ሞተር ሌላ ስም አለው። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ታክሲም፣ ጭነት መኪናም፣ ሲጨንቅ አምቡላንስም እሱ ነው። ቡናና ማር ይጭናል፣ የግብርና ባለሙያና መምህር ያደርሳል፣ ታማሚ ያመጣል። የሞተረኛ ድምፅ ሲሰማ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው "ማን መጣ?" ለማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያውቀው ሰው ሆኖ ያገኘዋል።

በዚህ መንገድ ላይ እንግዳው ባለካሜራ ይመጣል። ወደ ካፋ የሚያስመጣው ነገርም ሞልቷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የካፋ ደን የጫካ ቡናን አቅፏል። ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ። ፏፏቴው፣ የውሽውሽ ሻይ እርሻ፣ የጎጀብ ወንዝ፣ ጭጋግ የለበሰው ጠዋት፣ ሁሉም ለካሜራ የተሠሩ ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን ከስኮትላንድ እስከ ኬፕ ታውን በሞተር ሲጓዙ ኢትዮጵያን አቋርጠዋል፤ ጉዟቸውም ካሜራ በያዘ ሌላ ሞተረኛና በድጋፍ መኪኖች የታጀበ ነበር። ዛሬ ያን የመሰለ ቀረጻ ለማድረግ አንድ ሰው፣ አንድ ሞተርና በኪስ የምትገባ ካሜራ ይበቃሉ። የፊልም ቡድን መንደር ሲገባ ሁሉም ያውቃል፣ ሽማግሌ ይጠየቃል፣ መሪ ይመደባል። ብቻውን የመጣው ሞተረኛ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ቀርጾ ማለፍ ይችላል።

ያልታየችው ቁልፍ

ሰው ስልኩን ወይም ካሜራውን ከፍ ሲያደርግ ለተነሺው ምልክት ይሰጣል። እናቶች ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ፊቱን ያዞራል፣ ሦስተኛው "ለምንድነው?" ብሎ ይጠይቃል። ይህ የመጠየቂያና የእምቢታ ዕድል ነው። ሪሞት በመጣ ጊዜ ያ ምልክት ጠፋ። ሞተረኛው እጁን ከመሪው ላይ ሳያነሳ በአውራ ጣቱ አንዴ ነካ ያደርጋል። መንገድ ዳር ያለችው ሴት ያየችው የሚያልፍ ሞተር ብቻ ነው። ማታ ፊቷ፣ ሸክሟና የቤቷ ደጃፍ የማታውቃቸው ብዙ ሺህ ሰዎች ስልክ ውስጥ ይገባሉ።

"ምን ይጎዳታል?" ይባል ይሆናል። በካፋ መንገድ ዳር እንጨትና ከሰል የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለዘመናት ከማኅበረሰቡ ማዕድ ተገልለው ከኖሩት የማንጆ ወገኖች ናቸው። እነሱን ያለ ስም፣ ያለ ቃል፣ ጀርባቸው በሸክም እንደጎበጠ እያሳዩ ሐዘን በተሞላ ሙዚቃ ማጀብ ዕይታ ያስገኛል። ለሰዎቹ ግን የኖረውን ንቀት በአዲስ መልክ ማተም ነው። ከሰል የሚሸጥ ሰው ፊት ደግሞ ስለ ደን መመናመን በሚያወራ ቪዲዮ ላይ ከዋለ ጥያቄው ከክብር አልፎ እንጀራውን ይነካል። ቪዲዮውን የሠራው ሰው አዲስ አበባ ተመልሷል፤ ቀበሌው የሚጠራው የሚታየውን ነው።

በካፋ በልማድ የተከበሩ፣ እንደ ፈለጉ የማይገባባቸውና የአምልኮ ሥርዓት የሚፈጸምባቸው ጫካዎችም አሉ። እዚያ የተሰበሰበ ሰው ካሜራ እንደማይወድ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ካሜራ ያልታየበት ቦታ ግን "አይቻልም" የሚል ሰው አይኖርም።

ሕጉ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሕጉ ጸሐፊዎች ስለ ሄልሜት ካሜራ አያውቁም ነበር፤ ስለ ሰው ፊት ግን ያውቁ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን መብት ያደርጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰዎች መረጃ እንዴት መሰብሰብና መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል።

ለመከራከር የሚቀርቡ ነጥቦች

ባለካሜራዎች የሚያነሱት ክርክር አላቸው፤ ሁሉም ውድቅ አይደለም።

የመጀመሪያው "መንገድ አደባባይ ነው" የሚለው ነው። እውነት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 28 በአደባባይ ከተፈጸሙ ነገሮችና ሕዝብ ከሚመለከታቸው ሥነ ሥርዓቶች ጋር የተያያዘ ምስል ፈቃድ እንደማያስፈልገው ይገልጻል። ገበያውን በጠቅላላ፣ የበዓል ሰልፉን፣ መንገዱንና በመንገዱ የሚተላለፈውን ሕዝብ መቅረጽ ወንጀል ነው የሚል የለም። ነገር ግን ከመቶ ሰው አንዷን መርጦ ፊቷን አቅርቦ የቪዲዮው መሸጫ ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነው። ሕግ የሚፈቅደው ሁሉ ደግሞ ነውር አይደለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው "ፈቃድ ከጠየቅን ተፈጥሯዊነቱ ይጠፋል" የሚለው ነው። ለአምስት ደቂቃ ይጠፋል፤ ቡና እስኪፈላ ይመለሳል። ሰውን ሳያውቁት ከሚሰርቁት ምስል ይልቅ አብረውት ተቀምጠው ያገኙት ምስል የበለጠ ይናገራል። የካፋ ሰው እንግዳ ሲመጣ ቡና የሚያፈላ ሕዝብ ነው። ቤቱ ሳይገቡ ፊቱን ወስዶ መሄድ ከዚያ ባህል ጋር አይገጥምም።

ሦስተኛው ደኅንነት ነው። ከመኪና ጋር የተጋጨ ሞተረኛ ካሜራው ምስክር ይሆነዋል። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በቃል ብቻ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በሞተር የመጣው ነው። ለዚህ ዓላማ ካሜራዋ መብራቷ አለባት። ነገር ግን ለምስክርነት የተቀረጸ ምስል ለትራፊክ ፖሊስና ለፍርድ ቤት እንጂ ለቲክቶክ አይደለም።

አራተኛው በጣም ሊደመጥ የሚገባው ነው፦ "የካፋን መንገድ ችግር ማን ያሳይ?" በክረምት የሚቆረጠው መንገድ፣ ነፍሰ ጡር ይዞ ጭቃ ውስጥ የሚቆም ሞተር፣ ቡናው ገበያ ሳይደርስ የሚውልበት ቀን ሁሉ መታየት አለባቸው። ካሜራዋም ሪሞቷም ለዚህ ይጠቅማሉ። እጁን ከመሪ ሳያነሳ የመንገዱን ብልሽት ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር እስከ መጨረሻው ቀርጾ ለወረዳ ምክር ቤት የሚያቀርብ የአካባቢው ወጣት ከብዙ ደብዳቤ የበለጠ ይናገራል። እሱ ግን የሚቀርጸውን ሰው ነገም ገበያ ላይ ያገኘዋል። "ትናንት ምን ስትሠራ ነበር?" ተብሎ ይጠየቃል። ከሩቅ የመጣው እንግዳ ይህ ተጠያቂነት ስለሌለበት በራሱ ላይ ሥርዓት ማበጀት ይኖርበታል።

ምን ይደረግ?

አስቸጋሪ ነገር አይደለም። ሪሞቷ መሪው ላይ ወይም በቀኝ አንጓ ትሁን። ካሜራዋ ስትቀርጽ የምትበራው ቀይ መብራት በቅንብር እንዳትጠፋ፤ ብዙ ሰው ባትሪ ለመቆጠብ ያጠፋታል፣ ለተነሺው የቀረችው ብቸኛ ምልክት ግን እሷ ናት። ኬላ፣ የጸጥታ ኃይል ወይም የጥበቃ ቦታ ሲቃረብ ሞተሩን አቁሞ ካሜራዋን ማጥፋትና ሲጠይቁም "ካሜራ አለኝ፣ ጠፍቷል" ብሎ መናገር ከብዙ ጣጣ ያድናል። ተደብቆ ሲቀርጽ የተገኘ ሞተረኛ በዚህ ዘመን የሚያስረዳው ብዙ ነገር ይኖርበታል።

መንገዱን፣ ጫካውን፣ ጭጋጉን ያለ ሐሳብ ይቅረጽ። የቪዲዮው ጉዳይ ሰው በሆነ ጊዜ ግን ሞተሩ ይቁም። ሄልሜቱ ይውለቅ። ሰው ፊቱን ከማያየው ሰው ጋር አይነጋገርም። ሰላምታ ይቅደም፤ "ይህች ካሜራ ናት፣ እንዲህ ላደርግባት ነው፣ ይፈቅዳሉ?" ይባል። ልጅ ከሆነ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ይጠየቅ። እምቢ ካሉ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ መሄድ ነው። ሳይጠየቁ የተቀረጹ ፊቶች ከተገኙ ደግሞ ማታ ቆርጦ ማውጣት ወይም መሸፈን ይቻላል፤ የቪዲዮ ማቀናበሪያዎቹ ይህን ካወቁ ቆይተዋል።

ቦንጋ ላይ ያሉ የቱሪዝም ባለሙያዎችና አስጎብኚዎችም ድርሻ አላቸው። ወደ ደኑ የሚገባ እንግዳ ሲመዘገብ የት መቅረጽ እንደሚቻል፣ የትኛው ጫካ እንደተከበረ፣ ማንን መጠየቅ እንዳለበት የሚናገር አንዲት ገጽ ቢሰጡት ብዙ ቅሬታ ሳይወለድ ይቀራል። ወደ ደካ የሚሄደው ሞተረኛም ሰውን እንዴት እንደሚጠይቅ አውቆ ይነሳል።

ሪሞቷ የተሠራችው ሞተረኛው ሳይቆም እንዲቀርጽ ነው። ሰው ፊት ሲደርስ ግን መቆም አለበት።